የምርምር ታክስ ክሬዲት፦ የደመወዝና የኮንትራክተር ማስረጃ ላይ «50 በመቶ» ብሎ መጻፍ ይበቃል?

የመዝገብ ሰው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ላለ አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ የ2025 የምርምር ታክስ ክሬዲት (ለምርምር ከወጣው ወጪ የተወሰነውን ከታክስ የሚያስቀንስ፣ በፎርም 6765 የሚጠየቅ) ሰነድ እያሰናዳሁ ነው። ሲ ኮርፖሬሽን ነው። የተመሠረተው በ2023 ነው፤ የመጀመሪያ ገቢውም የዚያው ዓመት ነው። የ2025 ሽያጩ 900,000 ዶላር ሲሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት ከዚህ ያነሱ ናቸው። ትርፍ የለውም፤ ክሬዲቱንም ከዚህ በፊት ጠይቆ አያውቅም። የሚሸጠው ለክሊኒኮች የቀጠሮና የሂሳብ ማስከፈያ ሲስተም ነው፣ በወርኃዊ ክፍያ።

የሠራተኞቹ ደብሊው-2 (የዓመቱ የደመወዝ ማስረጃ) ቦክስ 1፣ ማለትም የገቢ ታክስ የሚከፈልበት ደመወዝ፣ ይህን ይመስላል፦ ሲቲኦ (የቴክኖሎጂ ኃላፊ) 140,000፣ ኢንጂነር አንድ 118,000፣ ኢንጂነር ሁለት 96,000፣ ፕሮዳክት ማናጀር 105,000፣ ቴስተር 72,000፣ የሽያጭ ሠራተኛ 64,000። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ኮንትራክተር በ1099 (የኮንትራክተር ክፍያ የሚገለጽበት ፎርም) 80,000 ተከፍሎታል። አዲስ አበባ ያሉ ሦስት ዴቨሎፐሮች በድምሩ 54,000 ወስደዋል። የክላውድ ወጪ 22,000 ነው።

ባለቤቶቹ በኢሜይል የላኩልኝ «ሲቲኦ 50 በመቶ፣ ፕሮዳክት ማናጀር 30፣ ቴስተር 60፣ ኢንጂነሮቹ ሙሉ በሙሉ» የሚል ነው። ጥያቄዎቼ፦ ይህ ይበቃል ወይ? የሚወሰደው ቦክስ 1 ነው ወይስ ጠቅላላው ደመወዝ? ከኮንትራክተር ክፍያ ለክሬዲቱ የሚቆጠረው 65 በመቶ ከምን ላይ ይሰላል? የአዲስ አበባው ክፍያ የሚወጣው ከአሜሪካ ባንክ ስለሆነ ይቆጠራል? ትርፍ ለሌለው ኩባንያስ ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅመዋል?

---

ፎርም አንባቢ

ደመወዙን ልያዝ፤ ኮንትራክተሩን ሌላ ሰው ይመልሰዋል።

የሚቆጠረው ቦክስ 1 ነው። ክሬዲቱን የሚሰጠው የፌዴራል ታክስ ሕግ አንቀጽ 41 የደመወዝን ትርጉም የሚወስደው ከአንቀጽ 3401 ስለሆነ የፌዴራል ገቢ ታክስ የሚቆረጥበት ደመወዝ ብቻ ይገባል። ኢንጂነር አንድ በውሉ 130,000 ቢሆንና 12,000 በመደበኛው 401(ኬ) (ታክስ ሳይቆረጥበት የሚቀመጥ የጡረታ ቁጠባ) ቢያስቀምጥ የሚገባው 118,000 ነው። በሮት 401(ኬ) (ታክስ ተቆርጦበት የሚቀመጠው) ቢያስቀምጥ ኖሮ ግን አይቀነስም ነበር። ቦነስም ቦክስ 1 ውስጥ እስካለ ድረስ ይገባል። ድርጅቱ የሚከፍለው የፔይሮል ታክስ፣ የጤና ኢንሹራንስና የጡረታ መዋጮ አይገባም። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ከኩዊክቡክስ (የሂሳብ መያዣ ሶፍትዌር) «የፔይሮል ወጪ» የሚለውን ጠቅላላ ድምር እየገለበጡ ነው። እሱ ውስጥ እነዚህ ሁሉ ተደባልቀዋል፤ ከደብሊው-3 (የሁሉም ደብሊው-2 ማጠቃለያ) ጋር ሲተያይ ወዲያው ይጋለጣል። የመጀመሪያው ገጽዎ የእያንዳንዱን ሰው ቦክስ 1 ዘርዝሮ በደብሊው-3 ድምር ይዘጋ፣ ማለትም 595,000። የሽያጭ ሠራተኛው በዜሮ ቢሆንም ከዝርዝሩ አይውጣ።

አሁን ወደ «50 በመቶ»። ሕጉ ታይምሺት አያስገድድም። ደንቡ የሚለው ወጪው ብቁ መሆኑን ለማሳየት የሚበቃ ዝርዝር ያለውና ሊሠራበት የሚችል መዝገብ ይኑር ነው። የባለቤት ኢሜይል ግን ይህን አያሟላም። ቁጥሩን ተናገረ እንጂ ከየት እንዳመጣው አላሳየም። ኦዲተሩ ሊከተል የሚፈልገው መስመር፦ ይህ ዶላር ለዚህ ሰው ተከፈለ፣ ይህ ሰው ይህን ሥራ ሠራ፣ ሥራው ለዚህ ምርት ነው፣ ምርቱ ላይ ደግሞ ሲጀመር ያልታወቀ ቴክኒካዊ ነገር ነበር። መስመሩ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ከዚያ ወዲያ ያለው ደመወዝ ይወድቃል።

ስለዚህ ከሰው ሳይሆን ከምርት ይጀምሩ። አይአርኤስ (የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ) ቢዝነስ ኮምፖነንት የሚለው፣ ማለትም አዲስ የተሠራው ወይም የተሻሻለው ነገር። ለዚህ ኩባንያ ሦስት ወይም አራት ቢሆን ነው፤ ለምሳሌ የኢንሹራንስ ክፍያ ማስታረቂያው፣ ከሆስፒታል መዝገብ ጋር ማገናኛው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራው የሞባይል መተግበሪያ። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ይጻፉ፦ ሲጀመር ያልታወቀው ምን ነበር (ይቻላል ወይ? በምን ዘዴ? በምን ዲዛይን?)፣ የትኞቹ አማራጮች ተሞከሩ፣ ሙከራው ምን አሳየ፣ ከመቼ እስከ መቼ። «ደንበኛን የሚያስደስት ገጽታ ሠራን» ለማስታወቂያ ይሆናል፤ እዚህ አይሠራም። «ሁለት ስልኮች ከኔትወርክ ውጭ አንድ ቀጠሮ ሲቀይሩ ግጭቱን የሚፈታ ዘዴ አልነበረንም፤ ሦስት ዘዴ ሞከርን፣ አንዱ መዝገብ እየደገመ ስለነበር ተጣለ» የሚለው ነው የሚሠራው።

ቀጥሎ ሰዓቱ። የጂራ (የሥራ መከታተያው) ትኬቶችን አውጥተው እያንዳንዱን በምርቱ ስምና በዓይነቱ ይለጥፉ፦ አዲስ ግንባታ፣ ሙከራ፣ የደንበኛ ድጋፍ፣ ተራ ጥገና፣ አስተዳደር። የጊትሀብ (የኮድ ማከማቻው) ታሪክና የስብሰባ ካላንደር ማመሳከሪያ ይሆናሉ። ከዚያ በኤክሴል ሰዎቹን በረድፍ፣ ምርቶቹን በአምድ አድርገው ሰዓት ይሙሉ። አካፋዩ 2,080 (በሳምንት 40 ሰዓት ለ52 ሳምንት) አይደለም! የሚካፈለው በዓመቱ በእርግጥ ለተሠራው ሰዓት ነው፤ ፈቃድና በዓል ከላይም ከታችም ይወጣል። በ2,080 የሚያካፍል ሰው ክሬዲቱን በገዛ እጁ ይቀንሳል።

አንድ ሠራተኛ ከሥራው 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ብቁ ከሆነ ደመወዙ መቶ በመቶ ይገባል። 79 ከሆነ 79 ብቻ ነው። በዚህ ድንበር ላይ የቆመ ሰው ካለ በጣም ጠንካራው ማስረጃ ለእሱ ይሁን።

ስለ ሥራ መደቦቹም ልበል። ሲቲኦው ራሱ ኮድ ከጻፈ ወይም ኢንጂነሮቹን በቅርብ ከመራ ይቆጠራል። ባለሀብት ሲያነጋግር የዋለው ቀን አይቆጠርም። «ቀጥተኛ ክትትል» የሚባለው የቅርብ አለቃ ሥራ ነው፤ የአለቃ አለቃ አይገባም። በ2023 በታክስ ፍርድ ቤት የተወሰነው የሙር ጉዳይ ይህንኑ ያሳያል፦ የሥራ አስፈጻሚው ደመወዝና ቦነስ የወደቀው ጊዜውን ለየትኛው ሥራ እንዳዋለ የሚለይ መዝገብ ስላልነበረ ነው። ፕሮዳክት ማናጀሩ ቴክኒካዊ ዝርዝር ሲያወጣ ይገባል፤ የገበያ ጥናት ሲያደርግ በግልጽ የተከለከለ ነው። ቴስተሩ ከመለቀቁ በፊት ያለውን አዲስ ሥራ ሲፈትሽ ይገባል፤ ደንበኛ እጅ የገባውን የዘወትር ፍተሻ አይገባም።

---

ውል ፈታሽ

የኮንትራክተሩን ልመልስ።

መጀመሪያ ውሉን ይክፈቱ፤ ኢንቮይሱ በኋላ ይደረስበታል። ደንቡ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ስምምነቱ ሥራው ሳይጀመር የተደረገ መሆኑን፣ ሥራው በእናንተ ስም የሚሠራ መሆኑን (ውጤቱን የመጠቀም መብት እንዲኖራችሁ፤ ብቸኛ ባለቤትነት ግን የግድ አይደለም)፣ ምርምሩ ባይሳካም የምትከፍሉ መሆኑን። ሦስተኛው ላይ ብዙ ውል ይወድቃል። በሰዓት የሚከፈል ከሆነ አደጋው የእናንተ ነው፣ ያልፋል። «ሥራው ተፈትሾ ካልተቀበልነው አንከፍልም» የሚል ቁርጥ ዋጋ ከሆነ አደጋው የኮንትራክተሩ ነው፤ ክሬዲቱን መጠየቅ የሚችለው እሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

ይህ ወደ ራሳችሁም ይዞራል። ኩባንያው ለአንድ ክሊኒክ ብቻ በሰዓት ሒሳብ ልዩ ሥራ ሠርቶ ከሆነ ያ ምርምር በሌላ ሰው ገንዘብ የተሠራ ነው። የኢንጂነሮቹ ሰዓት ከጠረጴዛው ይወጣል። ስለዚህ የደንበኞች ውልም ፋይሉ ውስጥ ይግባ።

65 በመቶው የሚሰላው ለብቁ ሥራ ከተከፈለው ላይ ነው እንጂ 1099 ላይ ካለው ድምር አይደለም። በየኢንቮይሱ ማን ሠራ፣ ስንት ሰዓት፣ የትኛውን ምርት፣ የት ሆኖ የሚለው ይኑር። «የጁላይ የማማከር አገልግሎት፣ 8,000» የሚል ኢንቮይስ ደረሰኝ ከመሆን አያልፍም። ኮንትራክተሩ አሁኑኑ በየወሩ የሥራ ዝርዝር ጽፎ ይስጥ፤ ከጂራ ጋር ይመሳከር። የላፕቶፕ፣ የሆቴል፣ የአውሮፕላን ተመላሽ ወጪ ካለ ይቀነስ። በዲሴምበር ቅድሚያ ተከፍሎ ሥራው በ2026 ከተሠራ የ2026 ነው።

አዲስ አበባ ለክሬዲቱ አይቆጠርም። መመዘኛው ገንዘቡ ከየት ወጣ ሳይሆን ሥራው የት ተሠራ ነው፤ ከአሜሪካ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከአሜሪካ ግዛቶች ውጭ የተሠራ ምርምር አይገባም። መሐል ላይ የዴላዌር ኩባንያ አቁሞ በእሱ በኩል መክፈልም ይህን አይለውጠውም።

የሚከፋው ግን ሌላው ጎን ነው፤ ብዙ የእኛ ሰው አያውቀውም። ከ2022 ጀምሮ የውጭ አገር ምርምር ወጪ በ15 ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚቀነሰው። በጁላይ 4 ቀን 2025 የወጣው ሕግ የአገር ውስጡን ከ2025 ጀምሮ ወዲያው መቀነስ እንዲቻል መለሰው፤ የውጭውን ግን እንደነበረ ተወው። 54,000 ሲካፈል ለ15 በዓመት 3,600 ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ከዓመቱ አጋማሽ ስለሚጀመር 1,800 ብቻ። ኩባንያው 54,000 ከፍሎ በ2025 ሪተርን ላይ 1,800 ይቀንሳል ማለት ነው። ይህን ለባለቤቶቹ ሪተርኑ ከመግባቱ በፊት ይንገሯቸው።

ለአዲስ አበባዎቹ 1099 አይወጣም። ከእያንዳንዳቸው ደብሊው-8ቤን (የውጭ አገር ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጡበት ፎርም) ይሰብስቡ፣ ሥራው ከአሜሪካ ውጭ እንደሚሠራም ውሉ ላይ ይጻፍ።

---

የመዝገብ ሰው

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ሁለት ነገር ስፈትሽ ወጣ። ኢንጂነር ሁለት በበጋው 10 ሳምንት አዲስ አበባ ሆኖ ነው የሠራው፤ ደመወዙ እንደ ወትሮው እዚህ ነበር የሚገባለት። የሜሪላንዱ ኮንትራክተር ደግሞ ሥራ የጀመረው በማርች ነው፤ ውሉ የተፈረመው ግን ሜይ 1 ነው። በወር 8,000 ነው የሚከፈለው፣ በሰዓት ሒሳብ፣ እስከ ዲሴምበር።

---

አቋራጭ

እኔ ይህን ያህል አላካብደውም። ኩባንያው ትንሽ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ለሠራተኞቹ መጠይቅ በትኑና ይፈርሙ፤ ስሌቱንም በቀላሉ ዘዴ፣ ከብቁ ወጪው 6 በመቶ በመውሰድ ጨርሱት። የድሮ ዓመታትን ቁጥር መቆፈር አያስፈልግም።

---

ፎርም አንባቢ

መጠይቁ ላይ ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ግምት ሁልጊዜ ውድቅ አይደለም። በ2014ቱ የሱደር ጉዳይ ፍርድ ቤቱ የጊዜ ግምቶችን በምስክርነት ታግዞ ተቀብሏል፤ የዋናውን ሥራ አስኪያጅ ደመወዝ ግን ከልክ ያለፈ ብሎ ቀንሶታል። በሌላ በኩል በ2023 ሰባተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በሊትል ሳንዲ ኮል ጉዳይ ላይ ጠያቂውን የረታው ሠራተኞቹ በምን ላይ እንደዋሉ ከፋፍሎ የሚያሳይ መዝገብ ስለሌለው ነው። ግምት የሚያያዝበት ነገር ሲኖር ያግዛል፤ ብቻውን ሲቆም ይወድቃል። መጠይቁን በዓመት አንዴ ሳይሆን በየሩብ ዓመቱ ያድርጉት፤ ሠራተኛውም የቅርብ አለቃውም ይፈርሙ። በዲሴምበር የተጠየቀ ሰው የፌብሩዋሪን ሥራ አያስታውስም። ሁሉም «85 በመቶ» ብለው ከሞሉ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ መስካሪ ይሆንባችኋል።

ኢንጂነር ሁለትን በቁጥር እንየው። በዓመቱ 1,840 ሰዓት ሠራ እንበል፤ ከዚያ 1,600ው ብቁ ሥራ ነው። ያ 87 በመቶ ስለሆነ ሙሉ 96,000 ይገባ ነበር። ነገር ግን ከ1,600ው 360 ሰዓት የተሠራው አዲስ አበባ ነው፣ ይወጣል። ቀሪው 1,240 ለ1,840 ሲካፈል 67.4 በመቶ ገደማ ነው፣ ማለትም 64,696 ዶላር። የጠፋው የ10 ሳምንት ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ከ80 በታች ስለወረደ ወደ መቶ የሚያደርሰው ድልድይም አብሮ ተሰበረ። አገር ቤት ሄዶ የሚሠራ ሰው ያለበት ኩባንያ ሁሉ የጉዞ ቀን መዝገብ ይያዝ። ቪፒኤን ወይም የአውሮፕላን ቲኬት ኦዲተር እጅ ገብቶ ከሚጣረስ፣ ቀድሞ በራስ ፈቃድ ማውጣቱ ይሻላል።

---

ውል ፈታሽ

የማርችና የኤፕሪል 16,000 ይወጣል። ከሥራው በፊት በኢሜይል የተስማሙበት ዋጋ፣ የሥራ ዝርዝርና የመብት ጉዳይ ካለ ግን ያንን ይፈልጉ፤ ስምምነት ማለት የግድ የተፈረመ ፒዲኤፍ አይደለም። የውሉን ቀን ወደ ኋላ መጻፍ ግን አይታሰብም። የቀረው 64,000 ነው። ከዚያ ለማስታወቂያ ድረገጽ ጥገና የዋለው ይቀነስ፤ 4,000 ነው ብንል 60,000 ይቀራል፣ በ65 በመቶ 39,000።

---

ቁጥር ደማሪ

ስሌቱ ላይ ከአቋራጭ ጋር አልስማማም፤ እዚህ ኩባንያ ላይ 6 በመቶው ውድ ስህተት ነው።

ደመወዝ፦ 118,000፣ 64,696፣ ሲቲኦ በ50 በመቶ 70,000፣ ፕሮዳክት ማናጀር በ30 በመቶ 31,500፣ ቴስተር በ60 በመቶ 43,200። ድምሩ 327,396። (ኢንጂነር አንድ ከ80 በላይ መሆኑና የሦስቱ መቶኛዎች በሰዓቱ ሠንጠረዥ ሲረጋገጡ ነው።) ኮንትራክተር 39,000። ከክላውዱ ደንበኞች የሚጠቀሙበት ሰርቨር አይገባም፤ የግንባታና የሙከራ አካባቢው ብቻ ነው የሚገባው። አካውንቶቹ ካልተለያዩ ዛሬውኑ ይለያዩ። 9,000 ነው እንበል። ጠቅላላ 375,396።

በቀላሉ ዘዴ፣ ከቀደሙት ሦስት ዓመታት አንዱ (2022) ምንም ወጪ ስለሌለበት 6 በመቶ ይሆናል፦ 22,524። በመደበኛው ዘዴ ግን ክሬዲቱ ከመነሻ በላይ ካለው ወጪ 20 በመቶ ነው፤ የአዲስ ኩባንያ መነሻ ደግሞ ካለፉት አራት ዓመታት አማካይ ሽያጭ 3 በመቶ ነው። ይህ ከ27,000 በታች ስለሆነ ዝቅተኛው ወለል፣ የወጪው ግማሽ፣ ይተካዋል። ከ187,698 ላይ 20 በመቶ 37,540 ነው። የ15,000 ዶላር ልዩነት አንድ ገጽ ባለመገልበጥ ይጠፋል።

ትርፍ የሌለው ኩባንያ ምን ይጠቀማል ለሚለው፦ ሽያጩ ከ5 ሚሊዮን በታች ስለሆነና ከ2021 በፊት ገቢ ስላልነበረው ክሬዲቱን በፔይሮል ታክስ ላይ ማዋል ይችላል። ፎርም 6765 ላይ ይመረጣል፤ ጣሪያው በዓመት 500,000 ነው። መጀመሪያ የድርጅቱን የሶሻል ሴኩሪቲ ድርሻ (6.2 በመቶ)፣ የተረፈው የሜዲኬሩን (1.45 በመቶ) ይቀንሳል። ከሠራተኛው የተቆረጠውን አይነካም። በሩብ ዓመት 150,000 ደመወዝ ካለ 9,300 እና 2,175፣ በድምሩ 11,475 ይቀነሳል። ስለዚህ 37,540ው ቅነሳው ከተጀመረ በአራተኛው ሩብ ዓመት ያልቃል።

ሁለት ወጥመድ አለ። ምርጫው የሚደረገው በጊዜው በገባ የመጀመሪያ ሪተርን ላይ ብቻ ነው (የማራዘሚያው ጊዜ ይቆጠራል)፤ በማሻሻያ ሪተርን አይቻልም። ለዚህ ነው የ2023ና የ2024 ክሬዲት አሁን ቢጠየቅ ወደፊት ለገቢ ታክስ ይተላለፋል እንጂ ፔይሮል ላይ የማይውለው። ሁለተኛው፣ ቅነሳው የሚጀምረው ሪተርኑ ከገባ በኋላ በሚጀምረው ሩብ ዓመት ነው። ማርች 31 ከገባ ከኤፕሪል ጀምሮ ባለው ፎርም 941 (የሩብ ዓመቱ የፔይሮል ታክስ ሪፖርት) ላይ ይውላል፤ ኤፕሪል 2 ከገባ እስከ ጁላይ ይጠብቃል። ከ941 ጋር ፎርም 8974 (ቅነሳው የሚሰላበት) ይያያዛል። የፔይሮል ኩባንያዎች ይህን በራሳቸው አያደርጉትም፤ ፎርሙን ልካችሁ የሲስተሙ ቅንብር መስተካከሉን አረጋግጡ።

የታክስ ሕጉ አንቀጽ 280ሲ ምርጫም አለ፦ ክሬዲቱን በ79 በመቶ (29,656) ወስዶ የምርምር ወጪን ሳይነኩ መቀነስ፣ ወይም ሙሉውን ወስዶ ወጪውን በክሬዲቱ ልክ ማሳነስ። ኪሳራ ላይ ላለ ኩባንያ ሙሉውን መውሰድ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል፤ የሚያጣው ወደፊት ከሚተላለፍ ኪሳራ ላይ ስለሆነ። ግን ሁለቱንም አስሉ፤ ይህም ምርጫ በማሻሻያ ሪተርን አይስተካከልም።

---

የመዝገብ ሰው

ሠንጠረዡን በዚሁ መልክ እጀምራለሁ። ፋይሉ ስንት ዓመት ይቀመጥ?

---

ፎርም አንባቢ

ሦስት ዓመት ብለው እንዳይጥሉት። ያልተጠቀሙበት ክሬዲት 20 ዓመት ይተላለፋል፤ ጥቅም ላይ በዋለበት ዓመት ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው የ2025ቱ ሰነድ ነው። ጂራና ጊትሀብ ላይ ብቻ አይተማመኑ፦ ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱ ይዘጋል፣ ኩባንያው ሲስተም ሲቀይር ታሪኩ ይጠፋል። በየሩብ ዓመቱ በፒዲኤፍና በኤክሴል አውጥተው ከደብሊው-2ው፣ ከውሎቹና ከኢንቮይሶቹ ጋር በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ። የፎልደሩ ስም የሰው ሳይሆን የምርቱ ይሁን።